በጣሪያው የመረጥኩት ሆቴል

ይህን የምጽፈው አማን ከተማ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ እንዳያነበው እየጸለይኩ ነው። ከእነሱ አንዱ ከሆንክ፣ የኔ ልጅ፣ እባክህ ገጹን ግለጥና እለፍ። ለአንተ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ሳልገልጥ የአፍሪካን ካርታ ሰሌዳ ላይ የሣልኩ ሰው ነኝ። ከካይሮ ተነስቼ፣ በምዕራቡ ዳርቻ ወርጄ፣ ኬፕ ታውንን ዞሬ፣ በሕንድ ውቅያኖስ በኩል ተመልሼ ካይሮ እስክገባ ጠመኔዬ ከሰሌዳው አይነሳም። የማነሳው ለማዳጋስካር ስል ብቻ ነው። እንደዚያው አድርገህ አስበኝ፤ ክብሬን አትንካብኝ።

እናንተ ያላስተማርኳችሁ ግን ቀረብ በሉ።

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የዓለምን ወንዝ ከነገባሩ እቆጥርላችኋለሁ፤ በእግሬ የደረስኩበት ግን በአንድ በኩል ማጂ፣ በሌላው በኩል አዲስ አበባ ነው፤ በቃ። ሠርግ ቤት ወጥ ሲያማስል ውሎ ሳይቀምስ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ሰው ነበርኩ። ስለዚህ ልጃችን ምሕረት፣ በነጻ ትምህርት ዕድል ካምፓላ ሄዳ አራት ዓመት የመሬት ቅየሳ ያጠናችው፣ «ልመረቅ ነው፤ ኑልኝ» ብላ ስትደውል ምሩቋ እሷ ትሁን እኔ እስኪያጠራጥር ድረስ ዘለልኩ።

«አባዬ፣ ማረፊያችሁን እኔ እፈልግላችኋለሁ» አለችኝ።

«አንቺ ፈተናሽን አጥኚ። ሆቴሉን ለእኔ ተዪው!»

ይህችን «ለእኔ ተዪው» የምትባል አነጋገር ከአማርኛ የሚያወጣልኝ ምሁር ባገኝ እግሩ ሥር ወድቄ እለምነው ነበር። የደረሰብኝ መከራ ሁሉ የጀመረው በእሷ ነው። የአማቼን ሬዲዮ ፈትቼ መግጠም ያቃተኝም፣ የትምህርት ቤቱን ደወል «ላስተካክለው» ብዬ ለሁለት ሳምንት ድዳ ያደረግኩትም «ለእኔ ተዉት» ብዬ ነው።

ተጓዦቹ ሦስት ነን። አንደኛው እኔ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ታደለች፤ ነርስ ናት፣ ደም አይታ አትደነግጥም፤ እኔ ሐሳብ ሳቀርብ ግን ትደነግጣለች። ሦስተኛዋ እናቷ እማማ አስካለ ናቸው፤ ከቦንጋ መጥተው እኛ ዘንድ ነው የሚኖሩት። እማማን መጀመሪያ ልናስቀራቸው አስበን ነበር። «የልጅ ልጄ ስትመረቅ እኔ ዶሮ ልጠብቅ?» አሉና ሻንጣቸውን በር ላይ አቆሙት። ጉዞው ገና ሁለት ወር ይቀረው ነበር። ሻንጣው ግን ሁለቱንም ወር እዚያው ቆመ፤ ስንገባ ስንወጣ እየዘለልነው።

«ሆቴሉ መካከለኛ ይሁን» አለች ታደለች። «አይወደድ፣ አይርከስ፤ ምቹና መካከለኛ።»

ሁላችንም ተስማማን። ጠቡ የመጣው መካከለኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስንነጋገር ነው። ለታደለች መካከለኛ ማለት ሙቅ ውሃና ነጭ አንሶላ ነው። ለእኔ መካከለኛ ማለት ቪክቶሪያ ሐይቅን የሚያሳይ መስኮት ነው፤ የሐይቁን ስፋት ለስንት ተማሪ አስጠንቼ ቀለሙን አለማየቴ ሲያንገበግበኝ ኖሯል። እማማ ደግሞ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልን።

«ፎቅ አልወጣም። ሰው ራስ ላይ አልተኛም፣ ሰውም እኔ ራስ ላይ አይተኛም። ሽንት ቤቱ ከመኝታው ይራቅ፤ ከሚተኙበት አጠገብ... ምን ያለ ነውር ነው! ጾምም ስለሆነ ሥጋ የነካው ድስት አጠገቤ አይድረስ። ከዚህ ሌላ እኔ ምንም አልፈልግም፤ ያገኛችሁበት ጣሉኝ።»

ለአንድ ሆቴል ይህን ያህል መስፈርት ሲወጣለት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ለሚኒስትርነትም አይወጣም።

ወሬው መምህራን ማረፊያ ክፍል ደረሰ። አንድ ጊዜ ሱዳን ድንበር ድረስ ሄዶ የተመለሰ የሒሳብ መምህር አለን፤ ድንበሩን አልተሻገረም፣ ግን አይቶታል። «ውጭ አገር ሆቴል ስትገባ መጀመሪያ ፍራሹን ገልብጠህ እይ» አለኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ምሥጢር እንዳለው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሌላው «ክፍል ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ እንዳትነካ፣ ይመዘገባል» አለ። አልጋውንም? አልኩት። «እሱን ጠይቀህ ተኛ» አለኝ።

እንዲህ ታጥቄ ጎረቤታችን ሚዛን ከተማ ወረድኩ፤ ወደ ሸምሱ ኢንተርኔት ቤት። ሸምሱ የጅማ ልጅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሃይማኖቱን አክባሪ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና ሁለት ጆንያ ኮረሪማ ያለው ነጋዴ። ያኔ ኢንተርኔቱ እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ፎቶ ሲመጣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያለ፣ ክር በክር ነበር፤ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ደረጃ ሲወርድ ማለት ነው።

«ካምፓላ ሆቴል» ብለን ጻፍን። ብዙ ሆቴል መጣ። ከሁሉ አንደኛው ላይ የነበረው ስሙ ውስጥ ካምፓላ የሚል ቃል ነበረው። የቀረውን ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቶቹ ምንም አላጠፉም። ያንን ተጫንን። ሻይ አዘዝን። ሻዩን ጠጥተን ስንጨርስ ሰማያዊ ነገር ብቅ አለ።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ሰማይ ነው፣ ቲቸር።»

«ጥሩ ሰማይ ነው።»

«በጣም ንጹሕ ነው» አለ ሸምሱ። «ደመና እንኳን የለውም።»

መብራት ጠፋ።

በማግስቱ ከሰማዩ እንደገና ጀመርን። ጣሪያው መጣ፤ ቀይ የሸክላ ጣሪያ፣ አንድም የተሰበረ የለበትም። እኔና ሸምሱ በደስታ ተያየን። ከጣሪያው ሥር የመስኮት ራስ ሲወጣ ሚዛን ላይ ዝናብ ጀመረ። የሚዛንን ዝናብ ለማያውቅ ምን ብዬ ልንገረው? ሰማይ ያስቀመጠውን ረስቶ እንደገና ሁሉንም የሚደፋ ነው። መስመሩ ተቆረጠ።

በሦስተኛው ቀን ሰማዩን፣ ጣሪያውን፣ መስኮቱን አልፈን የበሩ ጉበን ላይ ደረስን። እዚያ ላይ ቆመ፤ አንድ ሰዓት ጠበቅነው፣ አልወረደም።

«ቲቸር» አለ ሸምሱ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ከጣሪያው ሥር መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር በር። ፎቅ የለውም ማለት ነው። በር ካለው ደግሞ ውስጥ አይጠፋውም። ይያዙት!»

ምክንያቱ አሳመነኝ። ያዝኩት። ደብዳቤውን የጻፈልን የእንግሊዝኛ መምህሩ ባልደረባዬ ግርማ ነው። ግርማ ጥሩ ሰው ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ሠርግ ላይ ብቻ እንደሚለበስ ካባ ነው። «እጅግ የተከበራችሁ የሆቴሉ ባለሥልጣናት ሆይ» ብሎ ጀምሮ፣ የእማማን የሽንት ቤት ጉዳይ በሦስት አንቀጽ አብራርቶ፣ ከአዲስ አበባ የምንነሳበትን ቀንና ሰዓት ጽፎ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው እንዲቀበለን ለመነ።

መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። «በደስታ እንቀበላችኋለን። ሾፌራችን ስምዎን ይዞ መውጫው በር ላይ ይጠብቅዎታል» ይላል፤ ከሥሩ የሾፌሩ ስልክ አለ። ስሜ! በሰው አገር፣ በትልቅ ፊደል፣ በሰው እጅ ተይዞ! ሸምሱ አትሞ ሰጠኝ፤ በፕላስቲክ ሸፍኜ ያዝኩት። ደብዳቤው መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ እጅ በእጅ ዞረ። ሁሉም አነበበው። ያቺን ወረቀት ያነበበ መምህር ቁጥሩ ብዙ ነው፤ የተማሩ ሰዎች ናቸው። አንድም ሰው አንድም ነገር አላለም። ይህን የምናገረው ኋላ ብቻዬን እንዳልወቀስ ነው።

የአውቶቡሱን መንገድ እዘለዋለሁ፤ አቧራውን ያየ ያውቀዋል። አውሮፕላን ላይ እማማ መስኮት ዳር ተቀመጡ። ቀበቶውን ካሰሩ በኋላ እስክንወርድ አልፈቱትም፤ ውሃ ሲያመጡላቸውም «አሁን እጄ ተይዟል» አሉ። እኔ ከጎናቸው ሆኜ ማስተማሬን ጀመርኩ።

«እማማ፣ ከሥራችን ያለው ቱርካና ሐይቅ ነው።»

«ደመና ነው» አሉ እማማ።

«ከደመናው ሥር።»

«ታዲያ አንተ እንዴት አየኸው?»

«አላየሁትም፤ አውቀዋለሁ።»

እማማ ትንሽ አሰቡና «አየህ፣ ችግርህ ይሄ ነው» አሉኝ። በዚያን ሰዓት አልገባኝም።

ኢንቴቤ ልናርፍ ዝቅ ስንል ቪክቶሪያን አየሁት። ዳርቻ የለውም! ብር የመሰለ ውሃ፣ ላዩ ላይ ደሴቶች፣ ጀልባዎች። ስፋቱን እንጂ ማማሩን አስተምሬ አላውቅም ነበር። እንባዬ መጣ። ታደለች መሐረብ አቀበለችኝ፤ ለአንድ አፍታ ባሏን በኩራት አየችው። ቆጥሬ ይዣታለሁ፤ የዚያን ቀን የመጨረሻዋ የኩራት እይታ እሷ ነበረች።

ወጣን። በሩ ላይ ስም የያዙ ሰዎች ተደርድረዋል። አንድ በአንድ አነበብኳቸው። የእኔ የለም። ከኋላም ዞሬ አነበብኳቸው። ሁሉም እንግዳቸውን ተቀብለው ሄዱ፤ ሌሎች መጡ፤ እነሱም ሄዱ። አንድ ሰዓት አለፈ። እማማ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ምሕረት ያን ቀን የምርቃት ልምምድ ስለነበራት መጥታ ልትቀበለን አልቻለችም፤ እኔ ነኝ «አትምጪ፣ የሆቴሉ መኪና አለ» ያልኳት።

ጆሴፍ የሚባል የታክሲ ሾፌር ሲያየን ቆይቶ አዘነልን። ደብዳቤዬን ሳሳየው ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ። ከደብዳቤው እያየሁ ራሴ ደወልኩ።

«ሃሎ! እኔ ነኝ! ከኢትዮጵያ! ደርሻለሁ!»

«እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ!» አለ ሾፌሩ። ድምፁ ውስጥ ትልቅ እፎይታ ነበር። «እኔም ከደረስኩ ቆየሁ! የት ነዎት?»

«መውጫው በር ላይ።»

«እኔም መውጫው በር ላይ ነኝ!»

ዞርኩ። ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ። «ምን ለብሰሃል?»

«ሰማያዊ ኮት።»

«እጅህን አንሳ!»

«አንስቻለሁ ጌታዬ!»

እውነትም ከመንገዱ ማዶ ሰማያዊ ኮት የለበሰ ረዥም ሰው እጁን አንስቷል። ሮጬ ሄጄ አቀፍኩት። ትከሻ ለትከሻ ሦስት ጊዜ ሳምኩት። ሰውዬው አውቶቡስ ሊያስቆም ነበር እጁን ያነሳው፤ አውቶቡሱም ቆሞ፣ እኔ ስስመው ጥሎት ሄደ። ይቅርታ ጠይቄ ወደ ስልኩ ተመለስኩ።

«አላገኘሁህም» አልኩት።

«እርስዎ ምን ምልክት አለዎት?»

«ከእኔ ጋር ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት አሉ።»

«አየኋቸው!» ብሎ ጮኸ። «አየኋቸው ጌታዬ! ግን ሌላ መኪና ውስጥ እየገቡ ነው!»

«አይግቡ!» ብዬ ጮኽኩ። «ያዛቸው! ከልክላቸው!»

«እሺ ጌታዬ!» ስልኩ ውስጥ የሩጫ ድምፅ ተሰማኝ።

ወደ ኋላዬ ዞርኩ። እማማ ሻንጣቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው።

«እማማ» አልኳቸው፣ «መኪና ውስጥ እየገቡ ነው እንዴ?»

እማማ አዩኝ። ከዚያ ልጃቸውን አዩ። «ታደሉ፣ ይሄ ሰውዬ ምሳ በልቷል?»

ስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት በአማርኛ «ምን አባቱ ሆኖ ነው የሚይዘኝ! ልጆቼ መጥተውልኛል!» እያለች ትጮኻለች። ማን እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚያውቃቸው ካለ ይቅርታዬን ያድርስልኝ።

«ጌታዬ» አለ ሾፌሩ እያለከለከ፣ «እናትዎ እምቢ አሉኝ። ዝናቡም በረታ። ጣሪያ ሥር ገብቼ ልጠብቅዎ?»

«የምን ዝናብ?» አልኩ። ፀሐዩ አናቴን እየበሳው ነበር።

ጆሴፍ ቀስ ብሎ ስልኩን ከጆሮዬ ላይ ወሰደ። መጀመሪያ ቁጥሩን አየ። ከዚያ በስዋሂሊ አወራ። ከዚያ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ብቻ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ።

«ጌታዬ» አለኝ ሲረጋጋ፣ «ይህ ሰው ያለው ናይሮቢ ነው።»

«ናይሮቢ የሚባል ሰፈር አላችሁ?»

«የለንም። ናይሮቢ የሚባለው ናይሮቢ ነው። ኬንያ።»

ሆቴሉ ስሙ ካምፓላ ነው፤ ቦታው ናይሮቢ። አድራሻው ከገጹ ግርጌ ተጽፎ ኖሯል፤ የሚዛን ኢንተርኔት ደግሞ ግርጌ ደርሶ አያውቅም። በስሙ ተታለልኩ እንዳልል፣ እዚያው ሚዛን ጎንደር የሚባል ምግብ ቤት ስንት ዓመት ሽሮ በልቻለሁ፤ አንድም ቀን ከምሳ በኋላ ፋሲል ግንብን ልየው ብዬ አልተነሳሁም! ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን ጠመኔ ሳላነሳ እሥላለሁ ያልኩት ሰውዬ በጠራራ ፀሐይ አንድ አገር ስቼ ቆምኩ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለች ታደለች።

«ትንሽ... የቦታ ልዩነት አለ።»

«ምን ያህል ትንሽ?»

«ከአማን አዲስ አበባ ድረስ ቢያክል ነው።»

ታደለች ከእናቷ ጎን ሻንጣው ላይ ተቀመጠች። እማማ ጠጋ ብለው ጠየቁኝ። «ሆቴሉ የለም ማለት ነው?»

«አለ እማማ። እኛ ነን የሌለነው።»

ጆሴፍ የሚያውቃቸው ሆቴሎች ጋር ሁሉ ደወለ። ለምርቃቱ ከየአገሩ የመጣ ወላጅ ሞልቷቸዋል። «አክስቴ ማማ ሮዝ ከመንገዱ ዳር ክፍል ታከራያለች» አለ በመጨረሻ፣ ወደ ጫማው እያየ። «ግን ሆቴል አይደለም።» ምርጫ ያለኝ ይመስል «ክፍሉ መካከለኛ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ታደለች በክርኗ ጎሸመችኝና ገባን።

መንገድ ላይ ከጆሴፍ ስልክ ለምሕረት ደወልኩላት። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛውን ጥፋት የሠራሁት። እውነቱን ልነግራት አፌን ስከፍት ድምፅዋን ሰማሁ፤ «አባዬ! ደረሳችሁ? ሆቴሉ እንዴት ነው?» አለች፤ ያ ሁሉ ደስታዋ ውስጥ «ናይሮቢ» የሚል ቃል እንዴት ልክተት?

«ግሩም ነው!» አልኩ። «የአትክልት ቦታው ብቻ...»

«አሁን ልምጣ?»

«አይ! እማማ ተኝተዋል። መንገዱም ይርቅሻል። ነገ ምርቃቱ ላይ እንገናኝ።»

«የኔ ጌታ፣ የአትክልት ቦታም አለው? ምሳችንን እዚያ እንብላዋ!»

«እንዴታ! ሙዚቃም አለ!» አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ሙዚቃውን ማን ጠየቀኝ?

ስልኩን ስዘጋ ታደለች እያየችኝ ነበር። በሃያ አራት ዓመት ትዳራችን እንዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናግራኝ አታውቅም። «አራት ዓመት ያላየኋትን ልጄን ዛሬ እንዳላቅፋት ያደረግከኝ አንተ ነህ። ላለማፈር ብለህ። ነገ ከምርቃቷ በኋላ በገዛ አፍህ ትነግራታለህ፤ እኔ አንድ ቃል አላግዝህም።» በዚያ ሁሉ ሳቅና ሩጫ መሐል እንደዚያች ሰዓት የከበደኝ ነገር የለም። እስከ ማማ ሮዝ ቤት ድረስ በመስኮት ቀዩን አፈር እያየሁ ሄድኩ፤ እዚያው እኛ አገር፣ ሸዋ ቤንች መንገድ ላይ ያለሁ ይመስለኝ ነበር።

ማማ ሮዝ ሰፊ ቀሚስ የለበሱ ግዙፍ ሴት ናቸው። ጆሴፍ ታሪኩን ሲነግራቸው ግቢው እስኪናወጥ ሳቁና፣ ያንኑ ያህል አቀፉን። ቤታቸው ፎቅ የለውም። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ፣ ከማንጎው ዛፍ ማዶ ነው። እማማ ዙሪያውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ዓይናቸው ጓሮ ላይ ተተከለ። ማማ ሮዝ ሙዝ ልጠው፣ በሰፋፊ ቅጠል ጠቅልለው፣ ድስት ውስጥ እየደረደሩ ነው።

«ይሄማ እንሰት ነው!» አሉ እማማ።

«እማማ፣ ሙዝ ነው። የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው እንጂ...»

«ዝም በል አንተ!» አሉኝ። «ቅጠል አጠቃለልን ከአንተ አልማርም።»

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ገቡ። ማማ ሮዝ የጠቀለሉትን ፈትተው በቦንጋ አጠቃለል ጠቀለሉት። ማማ ሮዝ ያንን ፈትተው በራሳቸው ጠቀለሉት። ተያዩ። ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ማን ይለያቸዋል? እማማ በካፊኖኖ፣ ማማ ሮዝ በሉጋንዳ፣ አንዷ ስታወራ ሌላዋ «እህ» እያለች፣ እስኪመሽ አወጉ። ስለ ምን እንዳወሩ እማማን ስጠይቃቸው «ስለ አማቾች» አሉኝ። ሙዙ ከለውዝ ወጥ ጋር ቀረበ፤ ሥጋ አልነካውም።

እኔም ቀስ ብዬ «እንግዲህ መስፈርቱ ሁሉ ተሟልቷል፤ ሙቅ ውሃውም በባልዲ...» ስል ታደለች «አትጨርሳት» አለችኝ። አልጨረስኳትም።

በማግስቱ ጆሴፍ ከረባት አስሮ መጣ፤ ማማ ሮዝም ሊመርቁ ለብሰው ተነሱ። ዩኒቨርሲቲው ሜዳ ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ በካምፓላ ደግሞ አባ ጉምባ የምንለውን ትልቁን ወፋችንን የሚያካክሉ ወፎች የመብራት ምሰሶ ላይ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ቆመው ቁልቁል ያያሉ። ምሕረት በጥቁሩ ካባዋ በር ላይ እየጠበቀችን ነበር። ታደለች ያየቻት ጊዜ... ተዉት፣ ይህን አልጽፈውም። ካባው በእንባ ተበላሸ፣ እንደገና ተተኮሰ ማለት ይበቃል።

ስሟ ሲጠራ አጣርተን አልሰማነውም፤ «ሚሬቲ» ነው «መሪት» ነው የሚል ነገር ተባለ። ወደ መድረኩ ስትወጣ ግን አየናት። ያ ሁሉ ሰው በሥርዓት ዝም ብሎ ተቀምጧል። እማማ ተነሱ። «እልልልልል!» አሉት። እኔ ነጠላቸውን ያዝኩ፤ ነጠላው እጄ ላይ ቀረ፣ እማማ ቀጠሉ። ከኋላ አንዲት ሴት መለሰች። ከቀኝ ሌላ። ማማ ሮዝማ የገደል ማሚቶ ናቸው! ድንኳኑ ሙሉ እናቶች እልልታውን ተቀበሉት፤ ዲፕሎማ የሚሰጡት ሽማግሌ ወረቀቱን እንደያዙ ቆመው ሳቁ። የእኔን ልጅ አላወቋትም፤ እልልታውን ግን አወቁት።

ከዚያ የፈራሁት ሰዓት ደረሰ። ምሕረት ስድስት ጓደኞቿንና አንድ መነጽር ያደረጉ አስተማሪዋን አስከትላ መጣች።

«አባዬ፣ ሁሉም ይመጣሉ። ስለ አትክልት ቦታው ነግሬያቸዋለሁ። እንሂድ!»

ታደለችን አየኋት። ወደ ወፎቹ ዞራለች። እማማን አየኋቸው። «ተናገራ» በሚል ዓይን አዩኝ። ጆሴፍ ሳቁን ለመዋጥ ከረባቱን ያስተካክላል።

«ምሕረት» አልኩ፣ «ሆቴሉ ትንሽ ይርቃል።»

«ምን ያህል ይርቃል? ቦዳ ቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ እንይዛለን።»

«በቦዳ ቦዳ አይሆንም።»

«ለምን?»

«ድንበር አለው።»

«አጥር ነው?»

«አይ... ድንበር። የኬንያ ድንበር።»

ከካይሮ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰማዩን፣ ጣሪያውን፣ ሸምሱን፣ ሰማያዊ ኮቱን፣ ናይሮቢ ላይ የታገቱትን እናት። አንድም አልደበቅኩም። ትናንት እናቷን ያስከፋሁበትንም ጨመርኩላት። ምሕረት በሁለት እጇ አፏን ይዛ ትሰማኛለች። አለቀሰች ብዬ ነበር። ለካ እየሳቀች ነው! ወገቧን ይዛ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። በትንሽነቷ እንዲህ ስትስቅ ህቅታ ይይዛት ነበር፤ ያዛት። በህቅታው መሐል ለጓደኞቿ በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። እነሱም ሣሩ ላይ ወደቁ። አስተማሪዋ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና እጄን ጨበጡኝ፤ «ጌታዬ፣ ልጅዎ ቅየሳ ለምን እንደመረጠች አሁን ገባኝ» አሉኝ። ታደለች እስከዚያ ድረስ ቻለችው። ከዚያ እሷም ፈነዳች፤ ትከሻዬ ላይ ተደግፋ ነው የሳቀችው፤ ይቅርታ ማለት እንደሆነ ያወቅኩት በክብደቷ ነው።

ምሳውን ማማ ሮዝ ጓሮ በላን፤ ከማንጎው ሥር፣ አሥራ ሦስት ሆነን፣ በሙዝ ቅጠል። እማማ እያዘዋወሩ ያስተናግዱ ነበር፤ አስተማሪዋ ሁለተኛ ጊዜ ሲያስጨምሩ «ይብላ፣ ልጄን ያስተማረ ነው» እያሉ። ያኔ ምሕረት ቆቧን አውልቃ እኔ ራስ ላይ ደፋችው። «ያንተ ነው አባዬ፣ ተገቢህ ነው» አለች። ጆሴፍ ፎቶ አነሳን።

ፎቶው ዛሬ አማን ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ጥቁሩ ቆብ አናቴ ላይ ወደ አንድ በኩል ዘሟል፤ አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቷል። እንግዳ በገባ ቁጥር ቀና ብሎ ያየውና በአክብሮት ይጠይቀኛል። «ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ በምን ነው የተመረቁት?»

እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ መልስ እስካዘጋጅ ታደለች ከጓዳ ትቀድመኛለች።

«በመጥፋት! በከፍተኛ ማዕረግ!»